የይማም ወርቅ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ድሮ የእኛ ሱቅ በነበረበት መስመር አዲስ የቲሸርት ማተሚያ ቤት ተከፍቷል። ከጥቂት ወራት በፊት በዚያ ሳልፍ ሽታው ያዘኝ። የጋለ ሙጫ ሽታ ነው፤ መጀመሪያ እንደ ተቃጠለ ስኳር ይልና ኋላ ጉሮሮ ላይ መረር ብሎ ይቀራል። ለዓመታት ባላሸተውም ወዲያው አወቅሁት። በሩ ላይ ቆምኩ። ባለቤቱ ገና ወጣት ነው፣ ከሌላ ቦታ የመጣ መሰለኝ፣ አያውቀኝም። ጥቁር ቲሸርት ከጋለው መጫኛ ፕሬስ አወጣና እንፋሎቱ ሳይለቀው ወርቃማውን ወረቀት ከላዩ ላይ ላጠው። እኔም ሳላስበው «ተው እንጂ፣ ይብረድ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «አብሽር ወንድሜ፣ ይሄ በትኩሱ የሚላጥ ነው። አዲስ የመጣ ዕቃ ነው» አለኝ። ከዚያ ቲሸርቱን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ እያሳየኝ፣ «የይማም ወርቅ አይደለም፤ አይረግፍም» ብሎ ሳቀ።

ይማም ማን እንደሆነ የሚያውቅ አይመስለኝም። እኛ ከተማ አንድ ነገር ላዩ አምሮ ቶሎ ሲበላሽ «የይማም ወርቅ» ይባላል። የተጠገነ አስፋልት ክረምቱን ሳይሻገር ሲፈረካከስ፣ ሰው ቃል ገብቶ ሲያጥፍ፣ ሰርጉ ሞቅ ያለ ትዳር ዓመት ሳይሞላው ሲፈርስ፣ የይማም ወርቅ ነው ይላሉ። የባጃጅ ሾፌሮች ይሉታል፣ ተማሪዎች ይሉታል፣ አንድ ጊዜ የጤና ጣቢያ ነርስ ስለ ፋሻ ስትለው ሰምቻለሁ። ይማም ታላቅ ወንድሜ ነው። ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። ይህን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ትምህርቴ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ከማመልከቻ በቀር የጻፍኩት ነገር የለም። ወዲያና ወዲህ ብል አፉ በሉኝ።

ሱቁን የከፈትነው እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ የቀረሁ ጊዜ ነው። ከሐይቅ ደሴ ሚኒባስ አሥራ ሁለት ብር ነበር። ሻይ ሁለት ብር፣ ሳምቡሳ አንድ ከሃምሳ። ወጣቱ ሱሪውን እግሩ ላይ እስኪጣበቅ በልብስ ሰፊ የሚያስጠብብበት፣ ዘፈን ለማስጫን ሚሞሪ ካርዱን በሸሚዝ ኪሱ ይዞ የሚዞርበት ጊዜ ነው። ከሱቃችን በስተግራ ዘፈን ጫኝ ነበር። ጠዋት በመንዙማ ይከፍታል፣ ረፋድ ላይ በማሲንቆ አምባሰል ይለቃል፣ ከሰዓት በኋላ የአዲስ አበባ ልጆች ዘፈን ነው፤ እኛም ሳንከፍል ሁሉንም እንሰማለን። ከቀኝ አሣ ጠባሽ ነበረች። ቆሮሶውን ጨው ነስንሳ ዘይት ውስጥ ስትጥለው ድምፁ እኛ ጋ ይደርሳል፤ ይማም የታተመውን ቲሸርት ጭሱ እንዳይነካው ብሎ ገመዱን ወደ ጓሮ አዛወረው። በራችን ላይ ቆሞ ለተመለከተ በሁለት ቤቶች መሃል ሐይቁ እንደ ጨርቅ ቁራጭ ይታያል። አሁን እዚያ መሃል ፎቅ ቆሟል፤ ሐይቁን ለማየት ዞሮ መሄድ ነው።

ይማም ሥራውን የለመደው ደሴ ውስጥ ተቀጥሮ ነው። ተራ ቀለም ማተም ማንም ይችላል ይል ነበር። በእንጨት ክፈፍ የተወጠረውን ስስ ጨርቅ ቲሸርቱ ላይ ታሳርፋለህ፣ ቀለሙን በጎማ መጥረጊያ ትስበዋለህ፣ አለቀ። ወርቁ ግን ሌላ ነው። በቀለም ፈንታ ሙጫ ታትማለህ። ሙጫው ገመድ ላይ ይደርቃል። ከዚያ ፎይል የሚባለውን እንደ ሲጋራ ወረቀት የሳሳ ወርቃማ ነገር ላዩ ላይ ዘርግተህ በጋለ ፕሬስ ትጫነዋለህ። ሙጫ ባለበት ብቻ ይይዛል፣ የቀረው ከወረቀቱ ጋር ይነሳል። የሚላጠው ደግሞ ሲበርድ ነው። ይማም መብረዱን በእጁ አያምንም፤ ጉንጩን ቲሸርቱ ላይ አስደግፎ ይለካ ነበር። ደንበኞች «ይማም ዛሬም ካናቴራ ሊስም ነው» ይሉታል። «ሚስት እስካገኝ ነው» ይላቸዋል። ከተላጠ በኋላም ሥራው አላለቀም። ስስ ወረቀት አልብሶ ሁለተኛ ይጫነዋል። ይህን ሁለተኛውን ብዙ አታሚ ይዘለዋል፤ ምክንያቱም አንዴ የተጫነውና ሁለቴ የተጫነው ለዓይን አንድ ነው። «ልዩነቱን ውሃ ነው የሚያውቀው» ይለኝ ነበር።

በሁለት ዓመት ውስጥ ስማችን ወጣ። ለመውሊድ አረንጓዴ ላይ ወርቅ፣ ለሚዜ ጥቁር ላይ ወርቅ፣ ለተመራቂ ሰማያዊ ላይ ወርቅ። ከውጫሌ ድረስ ይመጡ ነበር። ወርቁ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ዓይን ይወጋል፤ የሰርግ ቀን በአይሱዙ ተጭነው የሚጨፍሩት ሚዜዎች ሲያልፉ ሰው ከሱቁ ወጥቶ ያያል፣ ይማም ግን አይወጣም። እጁን እየጠረገ ከውስጥ ሆኖ አንዴ ቀና ይላል፣ በቃ። ሥራ ማድነቅ አይወድም ነበር። እኔ እወድ ነበር። እኔ እኩያው ሆኜ የምሠራ ይመስለኝ ነበር፤ ባለ ሱቅ ነኝ እያልኩ እዞር ነበር።

እትዬ ዘነበች የሠፈራችን ወፍጮ ቤት ባለቤት ናቸው። በየዓመቱ መስከረም ላይ የግሸን ማርያምን ተጓዦች አሰባስበው የሚመሩት እሳቸው ናቸው። አንድ ዓመት መጡና ስልሳ ሁለት ነጭ ቲሸርት አዘዙን፤ ደረቱ ላይ ወርቃማ መስቀል፣ ከሥሩ «ግሸን» የሚል ጽሕፈት። ሌላ ጊዜ ከደሴ ነበር የሚያሠሩት። ያን ዓመት ግን ጎረቤት እያለ ለምን እሩቅ እሄዳለሁ አሉ። ከእኛ ወገን ይማምን የጠየቁት ነበሩ፤ አንተ እስላም ሆነህ መስቀል ታትማለህ ወይ ብለው። መስጂዱ ሲሠራ ድንጋይ ያቀበሉን እነማን ነበሩ አላቸው። ያን ሥራ ይማም እንደ ሌላው አልሠራውም። የመስቀሉን ሥዕል አራት ጊዜ አስተካክሎ እያሳየ እትዬ ዘነበችን አሰለቻቸው። መጨረሻ ላይ «አንተ ልጅ፣ ቄስ ልትሆን ነው እንዴ» አሉት፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ሊነሱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ቅዳሜ፣ ሠፈራችን ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሞቱ። ክርስቲያን ናቸው፤ የእኛ ቅሬ፣ እድሩ ማለቴ ነው፣ ግን የሁሉም ነው። ሰው ሲሞት ከየቤቱ አንድ ወንድ ለቁፋሮና ለቀብር ይወጣል፤ እኛ ዘንድ ከቅሬ የቀረ ሰው የራሱ ቀን ሲመጣ ብቻውን ይቀራል። ከእኛ ቤት የሚወጣው ይማም ነበር፣ አባታችን ከሞተ ወዲህ እሱ ነው። ስልሳ ሁለቱም ቲሸርት ሙጫው ታትሞ ደርቋል። ግማሹን እሱ ራሱ አንደኛውን ጭኖ፣ አብርዶ፣ ልጦ ደርድሯል። የቀረውን ለእኔ ተወልኝ። ዶማውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ በር ላይ ዞሮ፣ የላጥኩትን ሁሉ ሁለተኛ ሳልጭን እንዳላጥፍ፣ እሱ የላጣቸውንም ጭምር እንድጭናቸው ነገረኝ። እሺ አልኩት።

ያን ቀን ከሰዓት የምደግፈው የእንግሊዝ ክለብ ጨዋታ ነበረው። ከመናኸሪያው ማዶ ዲኤስቲቪ የሚያሳይ ቤት አለ፤ መግቢያው አምስት ብር ነው፣ ቦታ ለማግኘት ቀድሞ መሄድ ያስፈልጋል። ይህን እንዴት እንደምለው አላውቅም። ሰበብ ልስጥበት ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ፣ መብራት ጠፋ ልል ነበር። መብራት አልጠፋም። የቀሩትን ጫንኩና ሳይበርዱ በካርቶን እያራገብኩ ላጥኳቸው። ሁለተኛውን አንዱንም አልጫንኩም። ስልሳ ሁለቱንም ገና ለብ እንዳሉ አጥፌ በጆንያ ከተትኳቸው፣ ሱቁን ቆለፍኩና ሄድኩ። ሁለት ለሁለት ወጡ። ይህን ዛሬም አስታውሳለሁ። ይማም ከቀብር ሲመለስ እኔ ከጨዋታው ቀድሜ ተመልሼ ነበር፤ ጆንያው በር አጠገብ ቆሟል። አፉን ፈቶ አንዱን አውጥቶ አየ፤ ወርቁ ያበራል። ትከሻዬን መታ አደረገኝ። እሑድ ጠዋት እትዬ ዘነበች ወሰዱት።

ግሸን አምባው ላይ ሲወጡ ዝናብ አገኛቸው። መስከረም ነው፣ ይዘንባል። አውቶቡሱ ካደረሳቸው በኋላ ሽቅብ በእግር ነው፤ ሰው ከየአገሩ መጥቶ በጠባቡ መንገድ ይጋፋል። ልብሳቸው ሲርስ ወርቁ መላጥ ጀመረ። መጀመሪያ ጠርዙ፣ ከዚያ እየተፈረፈረ። የመስቀል ስባሪ ከደረታቸው ላይ እየወደቀ ከኋላ የሚመጣው ሕዝብ ይረግጠዋል። ሴቶቹ ጎንበስ እያሉ ከጭቃው ውስጥ ይለቅሙ ነበር አሉ። የሌላ አገር ሰዎች ምን ጠፋባችሁ እያሉ ይጠይቋቸው ነበር። አንዳንዱ ተጓዥ ቲሸርቱን ገልብጦ ለበሰ፣ አንዳንዱ በነጠላ ሸፈነው።

እትዬ ዘነበች ከመንገድ እንደተመለሱ ቤታቸው ሳይገቡ ነው እኛ ጋ የመጡት። እኔና ይማም የትምህርት ቤት ማሊያ እያተምን ነበር። የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ጠረጴዛው ላይ ፈቱት። ጭቃ የነካው የወርቅ ፍርፋሪ ነው፤ የአሣ ቅርፊት ይመስል ነበር። አልጮኹም፣ አልተቆጡም። «ይማም፣ ልጄ፣ ምን በደልንህ?» አሉት።

ይማም አንዱን ፍርፋሪ አነሳና ጀርባውን በጥፍሩ ፋቀው፣ ወደ ብርሃኑ አዙሮ አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አህመድ፣ ሁለተኛውን ጭነኸዋል?» አለኝ።

«ጭኜዋለሁ» አልኩት።

ትንሽ አየኝ። ብዙ አይደለም፣ ትንሽ። ፍርፋሪውን ነጠላው ላይ መልሶ አስቀመጠ። «እንግዲያው ሙጫው ነው» አለ። «ሙጫውን የመረጥኩት እኔ ነኝ እትዬ። ጥፋቱ የእኔ ነው። አፉ ይበሉኝ።»

እሳቸውም አፉ አሉት። ከልባቸው ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ስልሳ ሁለት ሰው ስልሳ ሁለት ቤት ገብቶ አወራ። እስላም መስቀል ሲያትም እንዲህ ነው ያለ አንድ ሁለት ሰው ነበር፤ የሠፈሩ ሽማግሌዎች ጠርተው ገሠጿቸው። ከእኛ በኩልም ቀድሞ የጠየቁት ሰዎች፣ ማን ግባበት አለህ አሉት። ይማም ለሁለቱም ወገን አንድ መልስ ነበረው፤ ሙጫው ነው፣ የእኔ ስህተት ነው ይላል። ክፉ ነገር ሳይሆን ቀረ፤ አገሩ ወሎ ነው፣ ነገር አይካረርበትም። የቀረው ሳቅ ብቻ ነው። ሰው ከተቆጣህ ቁጣው አንድ ቀን ይበርዳል። ከሳቀብህ ግን ሳቁ ለልጅ ይተርፋል። በዚያው ዓመት ውስጥ ዘፈን ጫኙ፣ ጎረቤታችን፣ በልቶ ጠጥቶ የሚውለው ከእኛ ጋር፣ የተበላሸ የጆሮ ማዳመጫ ሲመልሱለት «ይሄማ የይማም ወርቅ ሆነ» አለ። መጀመሪያ የሰማሁት ከእሱ ነው። ይማም እዚያው ቆሞ ነበር፤ አብሮ ሳቀ።

ሚዜዎቹ ወደ ደሴ ሄዱ። ለመውሊዱም ከደሴ አሠሩ። ይማም ወርቁን ትቶ ተራ ቀለም ብቻ ማተም ጀመረ፤ እሱም ቀስ በቀስ ቀረ። በዚያን ጊዜ በየቀኑ ልነግረው እነሳ ነበር። ጠዋት ሱቅ ስንከፍት፣ ዛሬ ከዙህር በኋላ እላለሁ። ከዙህር በኋላ፣ አሱር ይድረስ። እሱ ደግሞ ሌላ ሙጫ ገዝቶ እየሞከረ፣ አትሞ እያጠበ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ እንደገና እያጠበ ይውላል። ሁሉም ይይዝለታል። እንደዚያ ሲሆን ግንባሩን ቋጥሮ ይቀመጣል። አንድም ቀን ግን ያን ጥያቄ ደግሞ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር እያልኩ ኖሬያለሁ። እንጃ።

ፕሬሱን ሸጠና የአይሱዙ ረዳት ሆነ። በሠላሳ ዓመቱ ረዳት። ጭነት እያሰረ፣ ጎማ እያነሳ፣ ከሾፌሩ በታች። ልጅ እግሮቹ ረዳቶች «ወርቁ» ይሉታል አሉ። አይሱዙው ከባቲ ወዲያ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ተገለበጠ። ሾፌሩ ተረፈ። ጀናዛውን እኔ ሄጄ አመጣሁ። በለቅሶው ቀን ከድንኳኑ ኋላ ሁለት ሰዎች፣ የትኛው ይማም ነው፣ የወርቁ ነው እንዴ፣ ሲባባሉ ሰምቻለሁ። ቂም አልያዝኩባቸውም። የሰጠኋቸው ስም ነው የጠሩት።

ዘንድሮ የሦስተኛ ዓመቱን ሰደቃ ስናወጣ ልናገር ቆረጥኩ። ያን የማተሚያ ቤት ልጅ ሳቅ ከሰማሁ በኋላ ነው፤ ይማምን ሳያውቅ ሳቀበት። ድንኳን ተከልን። የቅሬው ሰው ሁሉ መጣ፤ ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ለብቻቸው ተሠርቶ ቀረበ። ከተበላና ዱአው ከተደረገ በኋላ ተነሳሁ።  እትዬ ዘነበች ከፊት ነበሩ፤ አርጅተዋል፣ በምርኩዝ ነው የመጡት። እሳቸውን እያየሁ፣ የግሸኑን ቲሸርት ያበላሸሁት እኔ ነኝ አልኩ። ይማም ሁለተኛ ጫን ብሎኝ ቀብር ሄደ፣ እኔ ሳልጭን ኳስ ለማየት ሄድኩ፣ ሲጠይቀኝም ዋሸሁት፣ ሙጫው ደህና ነበር አልኩ።  ቆሜ ቀረሁ።

 ከዚያ የቅሬው ዳኛ፣ ጢማቸው የነጣ ሰው ናቸው፣ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «አያችሁ» አሉ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ «ወንድም ማለት ይሄ ነው። የሟቹን ጥፋት በራሱ ላይ ያነሳል። አላህ ወንድም አያሳጣችሁ።» ሰው ሁሉ አሚን አለ። የሚያለቅሱ ነበሩ። እኔ «ወላሂ እውነቴን ነው» አልኩ። «ተው ልጄ» አሉኝ ዳኛው በለሰለሰ ድምፅ፣ «መሐላ አትጨምርበት። አላህ ስለ ፍቅር ነው ብሎ ይለፍህ።» እትዬ ዘነበች ተነስተው ትከሻዬን ሳሙኝ። «ይማም በራሱ አንደበት ነግሮኝ የለም እንዴ» አሉኝ። «ሙጫው ነው አለኝ። እኔ እኮ ያን ዕለት ነው አፉ ያልኩት። አንተ ምን ቆረጠህ።» ልመልስ ስል ሌላው ተነስቶ ጨበጠኝ፣ ሌላው ደግሞ። ተሰልፈው ጨበጡኝ። ዘፈን ጫኙም መጥቶ አቀፈኝ። እንደዚያ ቀን ተመስግኜ አላውቅም።

እናቴ ከሴቶቹ ጋር ከመጋረጃው ወዲያ ነበረች። እንግዳው ሲበተን፣ ገና ፀሐይ ሳለ፣ ጓሮ ሳህን ስታጥብ አገኘኋት። ጎንበስ እንዳለች፣ ሳታየኝ፣ «አልጫንከውም?» አለችኝ።

«አልጫንኩትም እማ።»

አመነችኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ያመነችኝ እሷ ብቻ ናት፤ እንዳትሰማ የፈለግሁትም እሷ ብቻ ነበረች። ሳህኑን አለቀለቀች፣ ደፋችው፣ ሌላ አነሳች።  መጨረሻ ላይ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ቀና አለች።

«ተናገርክ፣ አላመኑህም። በቃ፣ ከእንግዲህ ዝም በል» አለችኝ። «እሱን አላህ ያውቀዋል። አንተን ካመኑህ ሁለታችሁንም አጣለሁ።»

እሺ አልኳት። ከዚያ ወዲህ በአፌ ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ ማንበብ አትችልም።